ማስታወስ እያቃታችሁ ነው? ፋርማሲ ከመሮጣችሁ በፊት ቤት ውስጥ ልትጀምሩት ምትችሉት ነገር

ሰሞኑን ሰው ሁሉ "ረሳሁት እኮ" ነው ሚለው። ቁልፍ ይጠፋል፣ ስልክ እጅ ላይ ሆኖ ስልክ ይፈለጋል፣ ጓዳ ተገብቶ ምን ላመጣ ነበር ተብሎ ባዶ እጅ ይወጣል፣ ልጅ ደግሞ ሌሊቱን ሲያነበው ያደረው ነገር ፈተና ላይ ብን ይልበታል። ከዛ ብዙ ሰው መጀመሪያ ሚሄደው ፋርማሲ ነው፣ "ለማስታወስ ሚሆን ቫይታሚን አለ?" ይላል፣ ውጪ ዘመድ ያለው ደግሞ ጊንኮ ሚባለውን እንክብል ያስልካል። ጊንኮ ላይ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጥናት ተሰርቷል፣ ዕድሜያቸው 75 እና ከዛ በላይ የሆኑ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተካፍለው ግማሹ ጊንኮውን ግማሹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል በቀን ሁለቴ ለዓመታት ሲወስዱ ቆዩ፣ ውጤቱ በ2008 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሲወጣ ጊንኮ የወሰዱት ከመርሳት በሽታ ምንም የተለየ ጥበቃ አላገኙም። ስለዚ ብራችሁን ያዙት። አእምሮን ሚጠብቁት ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም፣ ሚጠይቁት በየቀኑ መደረግን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ረሳሁት ከምንለው ነገር ብዙው ተረስቶ አይደለም፣ ሲጀመር ጭንቅላታችን ውስጥ አልገባም። ቁልፉን ስታስቀምጡ ስልክ እያወራችሁ ነበር፣ በሩን በእግር እየገፋችሁ፣ ልጁን ጫማህን አውልቅ እያላችሁ፣ ታዲያ አእምሮ ያልመዘገበውን ከየት አምጥቶ ይስጣችሁ? ለዚህ መፍትሄው ቀላል ነው፣ ግን ሰው ስለሚያፍር አያደርገውም፦ ስታስቀምጡ በአፋችሁ ተናገሩት። "ቁልፉን ቲቪው አጠገብ አስቀመጥኩ"፣ "ምድጃውን አጠፋሁ"፣ "የጠዋቱን ኪኒን ወሰድኩ" በሉ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ለአንድ አፍታ ትኩረታችሁን ይሰበስበዋል፣ የራሳችሁን ድምፅ ስለሰማችሁትም በኋላ ቶሎ ይመጣላችኋል። ከዛ በተረፈ ለቁልፍ፣ ለመነፅር፣ ለመታወቂያ በር አጠገብ አንድ ቋሚ ቦታ ስጡ፣ ሚስማርም ይሁን ሳህን፣ አእምሮን በማይረባ ነገር ማድከም አያስፈልግም።

ስም ሚጠፋባችሁ ሰዎች ደግሞ (ብዙ ናችሁ) ሰውዬው ስሙን ሲነግራችሁ አልሰማችሁትም፣ በዛች ሰከንድ ምታስቡት እኔ ምን ልበል ብላችሁ ነው። ስሙን እንደነገራችሁ ወዲያው መልሳችሁ ጥሩት፣ "አንበሴ፣ የት ነው ምትሰራው አንበሴ?" በሉ፣ ስትለያዩም አንዴ ጥሩት። የኛ ስሞች ደሞ ብዙዎቹ ስዕል ይሰጣሉ፣ ፀሐይ፣ ብርቱካን፣ አንበሴ፣ ወርቅነሽ፣ ፊቱን ከስዕሉ ጋር አንድ ላይ አስቡት፣ ይያዛል። ሰው ሲያወራችሁ ስልኩን ገልብጣችሁ አስቀምጡት፣ የማያስፈልገውን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ አጥፉት፣ በየደቂቃው ጭር ጭር ሚል ስልክ ባለበት ትኩረት ሚባል ነገር አይኖርም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማስታወስን ሚያጠነክረው ያወቁትን ነገር ሳያዩ ከጭንቅላት ማውጣት ነው። ደጋግሞ ማየት ሚሰጠው ስሜት ያታልላል፣ ገፁን ሦስት ጊዜ ስታነቡት "እህ ይሄን አውቀዋለሁ" ትላላችሁ፣ ደብተሩ ሲዘጋ ግን የለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ ሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሰራ በራሱ ላይ እየሞከረ በ1885 ያሳተመው ስራ ላይ ሁለት ነገር አሳይቷል፣ አንደኛ ከተማርነው ነገር ብዙውን ምናጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ከዛ በኋላ መርሳቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሁለተኛ ክለሳውን በአንድ ቀን ከማጨቅ ቀናት ላይ በትኖ መከለሱ በጣም ይበልጣል። በ2006 ደግሞ ሮዲገር እና ካርፒክ ሚባሉ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ፅሁፍ አስነብበው ግማሾቹ ደግመው እንዲያነቡ፣ ግማሾቹ ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን እንዲፅፉ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በልጠው ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ከጭንቅላታቸው እያወጡ የፃፉት በደንብ በለጧቸው።

ይሄ ነገር ለኛ አገር አዲስ አይደለም እኮ። የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን ሚማረው ማታ ነው፣ መፅሐፍ በሌለበት፣ በጨለማ፣ መምህሩ ወይ ከፍ ያለው ተማሪ ይላል ታናሹ እየተቀበለ ውዳሴ ማርያሙን መልክዑን በቃሉ ይይዛል፣ በነጋታው ደግሞ የትናንቱን ሳይል ወደ አዲሱ አያልፍም፣ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ እሱ በተራው ለታናሹ ያስቀፅላል። ቁርአን ቤትም ያው ነው፣ ልጁ ሎሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የተፃፈለትን ይይዝና ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ ሳያይ በቃሉ ይላል፣ ከተቀበለው በኋላ ሰሌዳው ታጥቦ ሌላ ይፃፍበታል፣ 114ቱንም ሱራ ጨርሶ ሀፊዝ የሆነ ሰው እንኳን ሙራጀዓውን (ክለሳውን) ከተወ እንደሚጠፋበት ስለሚያውቅ ዕድሜ ልኩን ይከልሳል። ሳያዩ ማለት፣ በቀናት ላይ በትኖ መከለስ፣ ለሌላ ሰው ማስተማር፣ ሦስቱም እዛ አሉ። እኛ ግን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ ትተነው በሃይላይተር ቢጫ ማቅለም ሆነ ስራችን፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

እና እንዴት ይደረግ? ተማሪ ከሆናችሁ፣ በተለይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሚጠብቃችሁ ልጆች፣ አንድ ርዕስ አንብቡ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ የመጣላችሁን ሁሉ ፃፉ፣ ሲያልቅባችሁም ቶሎ አትክፈቱት፣ ትንሽ ተሰቃዩ፣ ያቺ "እዚህ ምላሴ ላይ ነው እኮ" ምትሏት ሰዓት ናት ምትጠቅመው። ከዛ ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ሙሉት። በነጋታው በቃ 5 ደቂቃ ሳታዩ ሞክሩት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገሙት፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ። ጓደኛ ካላችሁ ተራ በተራ ተማማሩ፣ ማስረዳት ያቃታችሁ ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ፈተናው ሊደርስ ሲል ሌሊቱን ሙሉ ችከላ ሚባለው ነገር ለነገው ጠዋት ትንሽ ሊያግዝ ይችላል፣ በሳምንቱ ግን ከውስጡ ሚቀር ነገር ጥቂት ነው።

ተማሪ ላልሆነም ይሰራል። ቅዳሜ የሰማችሁትን ስብከት ወይ የጁምዓውን ኹጥባ ቡና ላይ ለቤተሰብ ተርኩ። ዜና ከሰማችሁ በኋላ ቲቪውን ዝጉና ሦስት ነገር ንገሩኝ ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ፣ እናንተም መልሱ። የአስቤዛ ዝርዝር ፃፉ፣ ግን ገበያ ደርሳችሁ መጀመሪያ ሳታዩ ግዙ፣ መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አውጥታችሁ አመሳክሩ። ማታ ስትተኙ ቀኑን ከጠዋት ጀምራችሁ በሃሳባችሁ አስኪዱት፣ ማን አገኘሁ፣ ምን አለኝ፣ ምሳ ምን በላሁ። የባለቤታችሁን፣ የአንድ ልጃችሁንና የአንድ ጎረቤት ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ፣ ስልክ የጠፋ ቀን እራሱ ይጠቅማችኋል።

መንገድ በቃል መያዝም አለላችሁ። የለንደን ታክሲ ሾፌሮች ፈቃድ ለማግኘት መሀል ከተማው ያሉትን ወደ 25,000 ሚሆኑ መንገዶች በጭንቅላታቸው መያዝ አለባቸው፣ በ2000 ኤሊኖር ማጓየር ሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ጭንቅላታቸውን በኤምአርአይ ሲያዩት ሂፖካምፐስ ሚባለው፣ ማለትም አዲስ ነገር ለመያዝና ቦታ ለማወቅ ዋና የሆነው የአንጎል ክፍል፣ ኋለኛው ጎኑ ከሌላው ሰው ተልቆ ተገኘ። እኛም "ቶታሉ ጋ ውረድና በስተቀኝ ታጠፍ፣ ቢጫ በር ታገኛለህ" እየተባባልን ነው ያደግነው። ማፑን አልፎ አልፎ ዝጉት፣ ከመሄዳችሁ በፊት እዩትና ከዛ በጭንቅላታችሁ ሂዱ።

እንቅልፍ። ቀን የተማርነው ነገር ረግቶ ሚቀመጠው ስንተኛ ነው፣ ሂፖካምፐስ ቀን የያዘውን ሌሊት ወደ ሌላው የአንጎል ክፍል እያስተላለፈ ያሰፍረዋል፣ ስለዚ እንቅልፍ ቆርጦ ማንበብ ማለት የያዙትን ሳያስቀምጡ መጣል ማለት ነው። አዋቂ ሰው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ያስፈልገዋል፣ ጎረምሳ ከዛም በላይ። እኛ ጋ እንቅልፍ ሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ስልክና ቡና ናቸው፣ ጫት ሚቅሙ ደግሞ ሦስተኛው ጫት ነው፣ ምርቃናው እስኪወርድ እንቅልፍ የለም፣ በማግስቱ ያለው መፍዘዝ የእንቅልፍ ዕዳ ነው። ቡናን አልተቃወምኩም፣ ግን ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አቦል ቶና በረካ ብላችሁ የጨረሳችሁት ቡና ማታ 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ ውስጣችሁ ነው። እንቅልፍ ካስቸገራችሁ ቡናውን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱት፣ ማታ እንግዳ ቢመጣ እንኳን አፍሉለት እናንተ ቁጭ ብላችሁ አጫውቱት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ፣ እሁድም ጭምር፣ ስልኩን ከአልጋ ራቅ አድርጋችሁ ቻርጅ አድርጉት። ባለቤታችሁ በጣም ያንኮራፋል፣ መሀል ላይ ትንፋሹ ቀጥ ይልና በድንገት ይባንናል ከሆነ ደሞ ይሄ በሽታ ነው፣ ሕክምና አለው፣ ቀን ቀን ሚያደነዝዘውም እሱ ሊሆን ስለሚችል ሀኪም ጋ ይሂድ።

እግር መንገድ ለአንጎል እንዲህ ይጠቅማል ብሎ ብዙ ሰው አያስብም። በ2011 የወጣ ጥናት ላይ ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆኑ 120 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው እየተራመዱ አንድ ዓመት ቆዩ፣ ሌሎቹ ማፍታቻ ብቻ ሰሩ። ሂፖካምፐስ ከዕድሜ ጋር እየጠበበ ነው ሚሄደው፣ የተራመዱት ሰዎች ግን ወደ 2 ፐርሰንት ጨመረላቸው። ጂም አላላችሁም ማንም፣ ታክሲውን ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ፣ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ በእግር ሂዱ፣ ላብ ጠብ እስኪል ባይሆንም እያወራችሁ ትንሽ ሚያለከልክ ፍጥነት ይሁን። ብርዱ የከበደባችሁ ውጪ ያላችሁ ሰዎች ሞል ውስጥ መዞርም ይቆጠራል። ሞተር ምትነዱ ልጆች ደግሞ ሄልሜት፣ እባካችሁ፣ ጭንቅላት ላይ ሚደርስ አደጋ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ መርሳት እራሱ ምክንያት ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው ከማስታወስ ጋር ማያገናኘው ደም ግፊት ነው፣ በኔ እምነት ከዚህ ፅሁፍ አንድ ነገር ብቻ ምታደርጉ ከሆነ ይሄን አድርጉ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ከጉልበታችን ወደ 20 ፐርሰንቱን ብቻውን ይጠቀማል፣ ያ ሁሉ ሚደርሰው በደም ነው፣ ግፊት ደግሞ እነዛን ቀጫጭን የደም ስሮች ዓመት በዓመት እያደነደነ ያበላሻቸዋል፣ ሳያም። አገር ቤት ስንቱ ሰው ነው ግፊት እንዳለበት ሚያውቀው ስትሮክ ከመታው በኋላ የሆነው! በ2019 ውጤቱ የወጣ ከ9,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ላይ የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን ተደርገው የታከሙት ሰዎች ከ140 በታች እንዲሆን ከታከሙት ይልቅ መለስተኛ የማስታወስ ችግር የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ያነሰ ነበር። የናንተ ቁጥር ስንት መሆን እንዳለበት ሀኪማችሁ ይንገራችሁ፣ ግን መጀመሪያ ተለኩ። 40 ካለፋችሁ በየዓመቱ፣ በቤተሰብ ካለ ከዛ በፊት። ደጋግሞ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ካሳየ ጤና ጣቢያ ሂዱ። መድኃኒት ተጀምሮላችሁ ከሆነ ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡ፣ ደህና የሆናችሁት በመድኃኒቱ ነው። ፀበል ምትጠመቁም ተጠመቁ፣ ኪኒኑንም ዋጡ። ስኳርም እንደዛው ነው፣ አንድ ላይ አስመርምሩት።

ጆሮ ደሞ አለ። ላንሴት ሚባለው የሕክምና መፅሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ 14 ነገሮች ላይ በጊዜ ቢሰራ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 ፐርሰንት ገደማውን መከላከል ወይ ማዘግየት ይቻላል ይላል፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ብቸኝነት፣ ድብርት ውስጡ አሉ፣ አለመስማትና አለማየትም አሉበት። ቤት ውስጥ አባባ አይሰሙም ተብሎ ሰው ማውራት ይተዋቸዋል፣ እሳቸውም መጠየቅ ያፍራሉ፣ ቀስ በቀስ ጥግ ይይዛሉ፣ ከዛ "ጃጁ" ይባላል። ጆሯቸውን አሳዩላቸው፣ አንዳንዴ ኩክ ብቻ ይሆናል የደፈነው። ማዳመጫ መሳሪያ ካስፈለጋቸው ውጪ ያለው ልጅ ከጫማና ከካፖርት በፊት እሱን ይላክ። ዓይን ላይ ሞራ ካለም ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ ይሰራል።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ጤፍ፣ ተልባ፣ ጥሩ እየበላን ነው፣ ጨውና ለስላሳ መጠጥ ቀንሱ፣ አረቄ ሚያዘወትር ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያጥረው አእምሮው በቀጥታ ይጎዳል። አንድ ነገር ላይ ግን አስምሩልኝ፣ ቢ12። ይሄ ቫይታሚን በተፈጥሮው ሚገኘው ከስጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከአሳ ብቻ ነው፣ ሲያንስ ያስረሳል፣ ያደክማል፣ እጅና እግር ይደነዝዛል። ጉበት ለዓመታት ሚሆን ስለሚያከማች በአንድ ሁዳዴ ማንም አያልቅበትም፣ ግን አጥዋሚ የሆኑ፣ በፍስኩም ቢሆን ገንዘብም ፍላጎትም ጠፍቶ የፍስክ ምግብ እምብዛም ማይነኩ እናቶች አሉን፣ በዛ ላይ ዕድሜ ሲገፋ አንጀት ቢ12ን በደንብ አይወስድም፣ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንና የጨጓራው ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም ይቀንሱታል። ፆሙን ተዉ እያልኩ አይደለም፣ ደማቸውን አስመርምሩላቸው፣ ካነሰ በኪኒን ወይ በመርፌ ይተካል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ሰው ይመለሳል።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሰራል። ማውራት ከባድ የአእምሮ ስራ ነው፣ መስማት፣ ማስታወስ፣ መመለስ፣ መሳቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው ያለው። እድር፣ ማኅበር፣ የጎረቤት ቡና እንዳይቀርባቸው አድርጉ። ልጅ ልትይዝ አሜሪካ ወይ አውሮፓ የመጣች እናት ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ልጆቹ ስራ ሲሄዱ የልጅ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቀኑን ሙሉ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ቋንቋው የላት፣ ብርዱ አያስወጣት፣ ከዓመት በኋላ "እማማ መርሳት ጀመረች" ይባላል። ድብርት ብዙ ጊዜ መርሳት መስሎ ነው ሚመጣው። ቅዳሜና እሁድ አገሯ ሰው ሚሰበሰብበት ቤተክርስቲያን ውሰዷት፣ በቀን አንዴ አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ጋ አገናኟት፣ ለልጅ ልጆቿ ተረትና እንቆቅልሽ ታስተምር፣ ወጡን እሷ ትስራ፣ ከእጇ ላይ ስራ አትቀሟት። ስልክ ላይ ያሉት የአእምሮ ጌሞች አይጎዱም፣ ግን በብዛት ሚያሻሽሉት ያንኑ ጌም መጫወትን ነው፣ ገበጣ ወይ ዳማ ከሰው ጋ መጫወት፣ ክራር መማር፣ አዲስ ቋንቋ መጀመር ይሻላል።

መቼ ነው ሀኪም ምናየው? ስም ለጊዜው ጠፍቶ በኋላ ከመጣ፣ መነፅር ተረስቶ ከተገኘ፣ አትጨነቁ። ሚያስፈራው ሰውዬው ሁልጊዜ ሚሄድበት መንገድ ሲጠፋበት፣ ያንኑ ጥያቄ በ10 ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ ዕድሜ ልኳን ቡና ያፈላች ሴት ቅደም ተከተሉ ሲምታታባት፣ ብር መቁጠር ሲያስቸግር፣ ፀባይ ሲለወጥ ነው። ይሄን እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ የቢ12 ማነስ፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ኪኒንና አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች ሁሉ እንዲህ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። በድንገት፣ በሰዓታት ወይ በቀን ውስጥ ሰው ከተምታታበት፣ አፉ ከተጣመመ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ለሌላው ቀጠሮ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ያዙ፣ መርሳቱ መቼ እንደጀመረና ምን ምን እንደረሳ በወረቀት ፃፉ፣ ታማሚው ብቻውን አይሂድ፣ አብሮት ሚኖር ሰው ገብቶ ያስረዳለት።